ሳልራብ እንዴት ልብላ?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የ21 ዓመት ወጣት ስትሆን የምትኖረው በጎንደር ከተማ ከእናቷና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጋር ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ በመሆኑ ፍሬ ነገሩን ብቻ በራሷ አንደበት እናቀርባለን።

«ነገሩ የጀመረው አምና በዐቢይ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ሲፈስክ እኔ ቀጠልኩበት። መጀመሪያ ላይ ሰው ‹ጎበዝ ጿሚ› እያለ ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በኋላ ግን ላቁም ብልም አቃተኝ። ትምህርቴን አቋረጥኩ። ከማራኪ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወጣ መንገድ ላይ ወድቄ ሆስፒታል ገባሁና አኖሬክሲያ የሚባል ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ። ከወጣሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ‹በደንብ ብዪ› ተብያለሁ፤ በደንብ ማለት ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም። አይርበኝም። ትንሽ ስበላ ሆዴ ይነፋል፣ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፣ ፊቴም ሞልቷል። እናቴ ቅቤ እየጨመረች ‹አፈር ስሆን› እያለች ታጎርሰኛለች፤ እኔም አንዳንዴ ምግቡን በሶፍት ጠቅልዬ እደብቃለሁ። ጎረቤት ‹ውይ ጨመርሽ፣ ተመስገን!› ሲለኝ ያን ቀን እራት መብላት ያቅተኛል። ቤት ውስጥ ለሁሉም የማበስለው እኔ ነኝ፤ ስልኬም ላይ የማየው የምግብ ቪዲዮ ብቻ ነው። ያልራበው ሰው እንዴት ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ያስባል? ጾሙም ደርሷል። ምን ላድርግ? መቼስ ነው በቃሽ የምባለው?»

ውድ እኅታችን፣

በደብዳቤሽ ውስጥ የዛሬ ኪሎሽን፣ የአምና ኪሎሽንና በቀን ትበዪው የነበረውን የካሎሪ ልክ አንድ በአንድ ጽፈሽልኛል። ሦስቱንም ሆን ብዬ አውጥቻቸዋለሁ። እንዳንቺው የታመመች ሌላ አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች ስታይ መጀመሪያ የሚመጣላት ሐሳብ «ከእሷ ማነስ አለብኝ» የሚል ነው፤ ይህን አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።

ለዋናው ጥያቄሽ ያለኝ መልስ አጭር ነው። እስኪርብሽ አትጠብቂ፤ «ጠገብኩ» የሚለውንም ስሜት ለጊዜው ዳኛ አታድርጊው። ለብዙ ወራት በቂ ምግብ ያላገኘ ሰውነት የረሃብና የጥጋብ ምልክቱን በትክክል አይልክም። ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ጥቂት ጉርሻ የቀመሰ ሰው ድግስ በልቶ የተነሣ ያህል ይጨንቀዋል። ስለዚህ ምልክቱ እስኪስተካከል ድረስ የምትበዪው ሰዓቱ ስለደረሰና ሳህኑ ላይ ያለው የታዘዘልሽ ልክ ስለሆነ ነው እንጂ ስላሰኘሽ አይደለም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሕመሙን ዛሬ በሚጠራበት ስም የሰየመው የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ገል እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ ምግቡ በተወሰነ ሰዓት ልዩነት እንዲሰጥና የታማሚዋ ፍላጎት በምንም መንገድ እንዳይጠየቅ መክሮ ነበር። አነጋገሩ የደረቀ ነው፣ የዛሬ ሐኪምም እንዲህ ብሎ አይናገርም፤ ቁም ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ያልራበው ሰው እንዴት ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ያስባል ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እውነቱ ርቦሻል የሚል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ6 ወር ያህል ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሽ ገደማውን ብቻ እንዲበሉ አድርጎ ነበር። ሰዎቹ ስለ ውፍረት የሚጨነቁ አልነበሩም፤ መሣሪያ መያዝን ኅሊናቸው ስላልፈቀደላቸው በዚህ መንገድ ለማገልገል የመረጡ ናቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ሲያጡ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር፤ ትንሿን ምግብ እየቆራረሱና እየቀላቀሉ ያቆይዋት ነበር፤ ብርድ አልችል አሉ፣ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ይነጫነጩ ነበር፣ ከሰውም ራቁ። አንቺ የወንድሞችሽን ምሳ ስትሠሪ የምታጠፊው ረጅም ሰዓትና ከስልክሽ የማይጠፋው የምግብ ቪዲዮ የተፈጥሮ ጠባይሽ አይደለም፤ በሆድ በኩል መግቢያ ያጣ ረሃብ በሐሳብ በኩል መጥቶብሽ ነው። ከዚያው ጥናት ሌላም የሚጠቅምሽ ነገር አለ። በማገገሚያው ወቅት የሰዎቹ ምግብ በጥቂቱ ብቻ ሲጨመር ሰውነታቸው እምብዛም አልተመለሰም፤ በቀን 4,000 ካሎሪ ገደማ ማግኘት አስፈልጓቸዋል፤ ከዚያም በኋላ ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ ረሃቡ ለወራት አለቀቃቸውም። ስለዚህ አንድ ቀን ረሃቡ በኃይል ቢመለስብሽና በልተሽ ስትነሺ እንደገና ቢርብሽ፣ ሆዳም ሆንኩ ብለሽ አትደንግጪ፤ ሰውነትሽ መጠገን መጀመሩ ነው።

ይሁን እንጂ ምግቡን ከመጨመርሽ በፊት መጣራት ያለበት ነገር ስላለ ይህን ክፍል እባክሽ አትዝለዪው። ለረጅም ጊዜ በተራበ ሰውነት ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባ፣ ሴሎች ያገኙትን ስኳር ለመጠቀም በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ወደ ውስጥ ስበው ይወስዱታል። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች መጠን በደም ውስጥ በድንገት ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ መተንፈስ ይከብዳል፤ ሳይታከም ከቀረም ይገድላል። ሐኪሞች ሪፊዲንግ ሲንድረም ይሉታል። በአገራችን ሆስፒታሎች በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ ኤፍ-75 የተባለው ጉልበቱ አነስ ያለ ወተት የሚሰጠው፣ ጉልበታቸው ከፍ ወዳለው ወደ ኤፍ-100 ወይም ወደ ፕላምፒነት የሚሸጋገረውም ከተረጋጋ በኋላ የሆነው ለዚሁ ጥንቃቄ ጭምር ነው። አደጋው የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመሆኑ አንቺ ያንን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ሆነሽ አልፈሽዋል፤ ነገር ግን እራት እየዘለልሽና ምግብ እየደበቅሽ ከሆነ ባለፉት ሳምንታት ምን ያህል እንደበላሽ ሐኪምሽ ሊያውቅ አይችልም፤ ሰውነትሽም እንደገና ወደዚያው ደረጃ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት ካርድሽን ይዘሽ ወደታከምሽበት ተመለሺ፤ ምግብ መደበቅሽን ሳትሸሽጊ ተናገሪና እነዚህ ሦስት ንጥረ ነገሮችና ስኳርሽ በደም ምርመራ፣ ልብሽም በኢሲጂ (የልብን ምት በሚመዘግበው ምርመራ) እንዲታይልሽ ጠይቂ። ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልግሽ እንደሆነም ይዩልሽ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌም የአእምሮ ሕክምናም አገልግሎት ስላለ ሰውነትሽንም ሐሳብሽንም የሚከታተሉሽን ሐኪሞች በአንድ ግቢ ልታገኚ ትችያለሽ። ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ልብሽ ከተዛባ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ግራ የመጋባት ስሜት ወይም መኖርን የመጥላት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

አሁን ወደ «ስንት» እንምጣ። የጠፋ ክብደቱን መመለስ ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ምግብ ጤነኛ እኩያው ከሚበላው ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ የዕለቱን እንቅስቃሴ ከሚሸፍነው በላይ፣ የተጎዳውን ጡንቻ፣ አጥንት፣ ልብና ስብ የሚተካ ተጨማሪ ያስፈልገዋልና። ቤቱ ሆኖ የሚያገግም ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ እንዲጨምር ይታሰባል፤ ለዚህም ብዙዎች ቀስ በቀስ በቀን ወደ 3,000 ካሎሪ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ መድረስ ያስፈልጋቸዋል። መመገብ የጀመረ ሰውነት ሙቀት ማመንጨት ስለሚጀምር ሌሊት ሌሊት ላብ ሊያጠምቅሽ፣ ክብደትሽም እየበላሽ ለተወሰነ ጊዜ ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ሐኪሙ ምግቡን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቁጥሩን አንድ ጊዜ የጻፍኩት «በደንብ» የተባለው ነገር ከምትገምቺው በላይ መሆኑን እንድታውቂ ነው። ከዚህ በኋላ መቁጠሩን ለሚከታተልሽ ባለሙያ ተይለት፤ አንቺ ሰዓት ብቻ ጠብቂ።

በአገራችን የተጎዳ ሰውነት እንዴት እንደሚጠገን ያልታወቀ ነገር አይደለም። አራስ በምትታረስበት ጊዜ «ራበሽ ወይ?» ተብላ አትጠየቅም፤ ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በየሰዓቱ ይቀርብላታል፤ ሥራ አትነካም፣ ብርድ አይነካትም፣ የምታርሳት ሴትም እስክትጨርስ ከአጠገቧ አትነሣም። አራሷ ፊቷ ሲሞላ የሚያዝን ዘመድም የለም። ለአንቺ የምመክረው ሥርዓት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፦ ሦስት ዋና ምግብና ሦስት መክሰስ፣ በመካከላቸው ከሦስት ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ። ለምሳሌ ያህል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በቅቤና በማር የታሸ ጨጨብሳ ወይም እንቁላል በዳቦ፣ ከወተት ጋር። 4 ሰዓት ላይ ቡና መፈላቱ ስለማይቀር የቡና ቁርሱን የራስሽ መክሰስ አድርጊው፤ ብቻ ፈንዲሻ ሆድ ሞልቶ ጉልበት የማይሰጥ ስለሆነ በእሱ ፋንታ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ወይም ሱፍና ለውዝ የበዛበት ቆሎ ይሁን፤ ቡናውም ከምግቡ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አይጠጣ። 7 ሰዓት ላይ ምሳ፣ ማለትም እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ዘይቱ ሳይቆጠብ፣ ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ጋር፣ አቮካዶ ተጨምሮበት። 10 ሰዓት ላይ በወተት የተሠራ የአጃ አጥሚት። ማታ 1 ሰዓት ላይ እራት፣ ከመኝታ በፊት ደግሞ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት በማርና ዳቦ። መነሻው ልክ ስንት እንደሆነና በየስንት ቀኑ እንደሚጨመር የደም ውጤትሽን ያየው ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ይወስንልሽ፤ ይህ መድረሻውን የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ከልማዳችን የሚጋጭ አንድ ምክር ልስጥሽ። ለጊዜው ከጋራ ትሪ አትብዪ። ማዕዱን ከቤተሰቡ ጋር ቅረቢ፣ ሳህንሽ ግን ለብቻው ይሁን። በአንድ ትሪ ላይ ከአራት ሰው ጋር የምትበላ ታማሚ ምን ያህል እንደበላች ማንም አያውቅም፣ ራሷም አታውቅም። እንጀራውን በጥፍር ታክል እየቆረሰች፣ ወጡን ሳትነካ እጇን ከትሪው እያመላለሰች ቤተሰቡን ሁሉ አብልታ ትነሣለች። ገንፎ ሲቀርብም ከዳር ዳር እየቆረሰች መሀሉ ላይ የፈሰሰውን ቅቤ እንዳለ ትተወዋለች። ይህን የምጽፈው ላሳፍርሽ ብዬ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለው ዘዴ የሕመሙ ምልክት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቤትሽ ውስጥ ሊኖር ስለሚገባ ነው። ለወንድሞችሽ ማብሰሉንም ለጥቂት ወራት ለእናትሽ መልሺላቸው፤ ወጥ ቤት የምታጠፊው ሰዓት ላልበላሽው ምግብ ምትክ ሆኖብሻል።

ሆድሽ መነፋቱ ምግቡ ስለጎዳሽ አይደለም። የዘገየው ጨጓራ ሥራውን የሚለምደው በመሥራት ብቻ ነው፤ ብዙዎችም በመደበኛ ሰዓት ሲበሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለላቸው ይሄዳል። እስከዚያው የሚረዱ ነገሮች አሉ። እንጀራ ውኃና አሰር ስለሚበዛው ሆድን ቶሎ ይሞላል፤ ስለዚህ የእንጀራውን ብዛት ከመጨመር ይልቅ አብሮት ያለውን ማበልጸግ ይሻላል። አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ የተወቀጠ ሰሊጥ ወይም ለውዝ ሳህኑን ሳያገዝፍ ጉልበቱን ይጨምረዋል፤ ሰሊጥ ደግሞ ከመተማና ከሁመራ በኩል እየመጣ ለጎንደር ሰው የሚቸግር ነገር አይደለም። ጥሬ ሰላጣና ጎመን ይቀነስ። ከምግብ በፊት ብዙ ውኃ አትጠጪ። ሳህኑ በጣም በሚከብድሽ ቀን ከፊሉን በፈሳሽ፣ በአጥሚት ወይም በሙዝና በአቮካዶ ጭማቂ ከወተት ጋር መተካት ይቻላል፤ ፈሳሽ ከጨጓራ ቶሎ ያልፋልና።

የእግርሽ ማበጥና የፊትሽ መሙላት ግን ለየት ብሎ መታየት አለበት። ከረሃብ የሚመለስ ሰውነት ለተወሰኑ ሳምንታት ውኃና ጨው ስለሚይዝ እብጠቱ የሚጠበቅ ነው፣ በጊዜውም ይወርዳል፤ ይሁን እንጂ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የፕሮቲን ችግር እንዳይሆን ሐኪም ሳያየው ልንገምት አይገባም። ውኃ የሚያሸና ክኒን በራስሽ ፈቃድ እንዳትወስጂ፣ ፖታሲየምሽን ይጥለዋል። ሌላው ሳልነግርሽ ብቀር የሚያስደነግጥሽ ነገር፣ የተመለሰው ክብደት መጀመሪያ የሚታየው ሆድና ወገብ ላይ መሆኑ ነው። ብዙ ታማሚዎች «ይኸው ሆዴ ብቻ ወጣ» ብለው ያቋረጡት እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ክብደቱን ጠብቀው የቆዩት ግን በአንድ ዓመት ገደማ ወደ ሌላው ሰውነታቸው እየተከፋፈለ ሲስተካከል ያዩታል።

ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ «ማወፈሪያ» ክኒን ቢያመጡልሽ አትንኪው። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የሚሰጥሽ ውኃ ያዘለ እብጠት ሲሆን የሚወስድብሽ ደግሞ ያለቀውን አጥንትሽን ነው። አብሽ መጠጣት ክፋት የለውም፤ ምግብ ግን አይተካም።

ዳገቱንም ተዪው። ጎንደር ለመራመድ የምትጋብዝ ከተማ አይደለችም፣ ወጣ ወረዱ ብቻውን ጉልበት ይጨርሳል፤ አንቺ ደግሞ የበላሽውን ለማቃጠል ብለሽ ከማራኪ ፒያሳ በእግርሽ ትወጪ እንደነበር ደብዳቤሽ ያሳብቃል። ሐኪምሽ እስኪፈቅድልሽ ድረስ ባጃጅ ተሳፈሪ፣ ጋቢሽንም አትርሺ፤ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰውነት የበላውን ለሙቀት ያውለዋል።

ወደ ጾሙ ስመጣ በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሕመሙ የገባብሽ በዚህ በር ነው። የአንቺ ሁኔታ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ ጥናት በጋና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች መካከል ራሳቸውን በረሃብ ያከሱ ሆነው የተገኙት ጥቂት ተማሪዎች ያነሡት ስለ መወፈር ሳይሆን ስለ ጾምና ራስን ስለመግዛት ነበር። ሕመሙ በየአገሩ የአገሬውን ልብስ ይለብሳል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ነጠላ ለብሶ ቢመጣ ማንም አይጠረጥረውም፣ እንዲያውም ይመሰገናል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው በነፍስ አባቱ ፈቃድ ከጾም ማረፊያ እንዳላት ታውቂያለሽ። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱም ሆነ ቅባት መተዉ በዚህ ዓመት ለአንቺ እንዳይሆን፣ 55ቱንም ቀን ረቡዕና ዓርብንም ጨምሮ፣ ከጾሙ መግቢያ በፊት ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ብትችዪ እናትሽ ወይም ከሐኪም የተጻፈ ወረቀት አብሮሽ ይሁን። አንዳንዶች «ሰዓቱን ትተሽ የጾም ምግብ በጠዋት ብዪ» የሚል መካከለኛ መንገድ ያቀርቡ ይሆናል። ከሌላ ሕመም ለሚያገግም ሰው ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለአንቺ ግን አልመርጠውም፣ ምክንያቱም ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ክልክል ምግብ በተገኘ ቁጥር ሕመሙ የሚያሳድገው እሱን ነው። ካህኑ በጾሙ ፋንታ ሌላ ነገር ሊያዙሽ ሲያስቡ ደግሞ ስግደት እንዳይሆን በግልጽ ንገሪያቸው፤ ብዙ ስግደት ለደከመ ልብ ከባድ ነው፣ ለአንቺም በቀላሉ የስፖርት ምትክ ይሆናል። ጸሎትና ምጽዋት አለ። ጠበልም ቢሆን መጠመቁ አይከለከልም፤ በባዶ ሆድ በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ግን ደምሽ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርደዋልና ይህን ለጠበሉ አገልጋይ መንገር ያስፈልጋል። እግረ መንገዴን ለሙስሊም አንባቢዎቻችን፣ ቁርኣንም በረመዳን ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድ መሆኑን አስታውሳለሁ።

ጎረቤቶችሽ «ጨመርሽ» ሲሉ መርቀውሽ ነው፤ በእኛ ባህል ከስተሻል መባል እንጂ ወፍረሻል መባል አያስከፋም። የእነሱን አፍ ማረም አይቻልም፣ የሚቻለው እናትሽ ቀድመው ለቅርብ ሰዎች «ስለ ሰውነቷ ምንም አትበሏት፣ ሐኪም ከልክሏል» ብለው ማስጠንቀቃቸው ነው። ሐኪም ከልክሏል የሚል ቃል በጎንደር መንደር ውስጥ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይከበራል። ካመለጠሽም፣ ያ ቃል የተነገረበት ቀን እራት በምንም ምክንያት የማይዘለልበት ቀን እንዲሆን ከእናትሽ ጋር አስቀድመሽ ተስማሚ።

በቃሽ የምትባዪው የልብስሽ ልክ ሲመለስ አይደለም፤ ሚዛኑ አንድ የተጻፈ ቁጥር ላይ ሲደርስም አይደለም። የወር አበባሽ ያለ ክኒን በራሱ ጊዜ መጥቶ ሲደጋገም (በወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚመጣው ደም አይቆጠርም)፣ እጅሽ ሲሞቅ፣ የሚነቃቀል ፀጉርሽ ሲይዝ፣ ረሃብ በሰዓቱ መጥቶ ስትበዪ ሲሄድ፣ ያልታቀደ ነገር ቀምሰሽ ቀኑን ሙሉ ሳትብሰለሰዪ ስትውዪ፣ ሐኪሙም አንቺም ታዩታላችሁ። ለአብዛኞቹ ይህ ክብደት ከመታመማቸው በፊት የነበራቸው ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አጥንት እየጠነከረ የሚሄደው እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ አካባቢ በመሆኑ በ21 ዓመትሽ የምታገኚው እያንዳንዱ ጤነኛ ወር ዋጋው ትልቅ ነው። ክብደቱ ከተመለሰ በኋላም የምግቡ ሰዓትና ክትትሉ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥል፤ ሕመሙ በብዛት የሚያገረሸው በዚህ ጊዜ ነውና። ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ ይውጣ፤ የምትመዘኚው ሐኪምሽ ዘንድ ነው፣ ከፈለግሽም ፊትሽን ከቁጥሩ አዙረሽ።

የቀረው ለእናትሽ ነው፤ እባክሽ ይህን ክፍል እሳቸው ያንብቡት።

እናቴ፣ ልጅዎ የታመመችው በእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ግትርነትም አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ዊልያም ገል ዘመዶች በአብዛኛው ለእንዲህ ያለ ሕመም መጥፎ አስታማሚዎች ናቸው ብሎ ነበር፤ በዚህኛው ግን ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። በዚያው በለንደን፣ በሞድዝሊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠራው ሥራ ቤት ውስጥ ላለች ወጣት ታማሚ ወላጆች የምግቡን ኃላፊነት ሲረከቡ ውጤቱ የሚያምር መሆኑን አሳይቷል። ልጅዎ ዕድሜዋ ከፍ ያለ ቢሆንም ከእርስዎ ጋር ስለምትኖር ብዙው ነገር ለእርስዎም ይሠራል። ቅቤውን ሲጨምሩ በግልጽ ይጨምሩ፤ በድብቅ የገባ ቅቤ በታወቀበት ቀን ከእጅዎ መብላት ታቆማለች። ጉርሻውንና «አፈር ስሆን» ማለቱን ለጊዜው ይተዉት፣ ምክንያቱም ልመና ለድርድር በር ይከፍታል። በምትኩ ሳህኑን ራስዎ ያቅርቡና «ሰዓቱ ደርሷል፣ እስክትጨርሺ አብሬሽ አለሁ» ብለው ይቀመጡ፤ ለምግቡ ከሠላሳ እስከ አርባ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፣ በዚያ ሰዓት ስለ ምግብም ስለ ሰውነትም ወሬ አይነሣ፣ ሶፍትም ከማዕዱ አካባቢ ይራቅ። ከበላች በኋላ ብቻዋን ወደ መጸዳጃ ቤት እንዳትሄድ ለአንድ ሰዓት ያህል አብረዋት ይሁኑ፤ ቡናው በዚያ ሰዓት ቢፈላ ማንም ጥበቃ ነው አይለውም። ሳህኑን ሳትጨርስ ከቀረች ቁጣም ልቅሶም አያስፈልግም፤ የቀረውን የሚተካ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም አጥሚት ይስጧት፣ እሱንም እምቢ ካለች ይመዝግቡትና በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ያሳዩት፤ የሚቀጥለው መክሰስ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በሰዓቱ ይቅረብ።